ሐይቅ ሲታጠብ

አፍንጫዬን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አቃቂ ተወልዶ ላደገ ሰው ከተማ መሃል የተኛ ውሃ መጀመሪያ የሚታወቀው በአፍንጫ ነው፤ ዓይን ኋላ ይደርሳል። አዲስ አበባ ያጠበችው፣ የደፋችውና የጣለችው ነገር በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወርዶ የሚራገፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ እኛ ልጆቹ ግን የምናውቀው በመብራቱ ሳይሆን በጠረኑ ነበር። ነፋሱ ወደ ሰፈራችን ሲዞር እናቴ መስኮቱን እየዘጋች "ግድቡ ዛሬም ተነሥቶበታል" ትል ነበር፤ ስለ አንድ ነጭናጫ ጎረቤት የምታወራ ነበር የሚመስለው።

ስለዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ኤኮ ፓርክ ሐይቅ ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከመኪና ስወርድ ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ ነበር። ሐምሌ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጃንጥላ ይዘን የምንራወጥበት ወር እዚህ ጠብታ የማይታይበት ነው። ትንፋሼ አለቀና ሳብኩ። የታጨደ ሣር፣ ከመንገዱ ማዶ የሚፈላ ቡና፣ ከሥር ደግሞ ቀለል ያለ የእርጥብ ጭቃ ሽታ። በቃ።

"ምን ትሠራለህ እዚህ?" አለች የአክስቴ ልጅ ሞተሩን ሳታጠፋ። ነርስ ናት፤ የጠዋት ፈረቃ ስላለባት ወደ ሆስፒታሏ ስትሄድ ነው ያደረሰችኝ። የምታድረው ፌርፋክስ መንገድ አጠገብ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ በሰየመው ሰፈር ነው፤ በዚህች ከተማ ረጅም ዓመት ኖራ ይህን ሐይቅ ያየችው ከመኪና መስኮት ብቻ ነው። "ውሃ ካማረህ ሳንታ ሞኒካ ልውሰድህ፣ ሙሉ ውቅያኖስ አለልህ። ኩሬ ሊያይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው።"

"ታጥቦ የዳነ ሐይቅ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"ሐይቅም ይታጠባል?" አለችና በፎይል የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ ጣለችልኝ። ከእሑዱ ክርስትና የተረፈ ድፎ ዳቦ። "ቁርስህን ሳትበላ እንዳትውል።"

ይታጠባል። እንዴት እንደሚታጠብ ለማየት ነው የመጣሁት።

ሐይቁ ትንሽ ነው፤ 5 ሄክታር ገደማ። በቀስታ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዙሪያውን ይጨርሰዋል። በደቡብ በኩል የከተማው መሃል ሕንፃዎች ከዘንባባዎቹ በላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲህ ፈጣኑ መንገድ ያለማቋረጥ ያጓራል። መሃሉ ላይ ፏፏቴው ወደ ላይ ይተፋል። ስዋን በሚባለው አንገተ ረጅም ወፍ ቅርጽ የተሠሩ ነጫጭ የፔዳል ጀልባዎች ገና አልተፈቱም፤ ከጀልባ ቤቱ ግርጌ አንገታቸውን አቅንተው እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል። በሰሜን ምዕራቡ ጥግ ሎተስ የሚሉት የውሃ አበባ አለ። ቅጠሉ የእንጀራ ምጣድ ያክላል፣ ከውሃው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ አበባው ገና ሊፈነዳ ነው፣ ጫፉ ላይ ሮዝ። አንዱ ቅጠል ላይ የተጠራቀመች ጠብታ ውሃ ነበረች። ቅጠሉን በጣቴ ነካ ሳደርገው ጠብታዋ እንደ ሜርኩሪ ተንከባለለችና ምንም እርጥበት ሳትተው ወረደች።

ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ ታሪኩ የእነሱ ነውና። በ1860ዎቹ መጨረሻ እዚህ ሐይቅ አልነበረም፤ ሸለቆ ነበር። አንድ የቦይና የውሃ ማጠራቀሚያ ኩባንያ የሸለቆውን አፍ በአፈር ግድብ ዘጋና በስፓኞች ዘመን ስም "ሳንሃ" በሚሉት ቦይ ከሎስ አንጀለስ ወንዝ ውሃ ጠልፎ ሞላው። ውሃው ወደ ታች ወርዶ የሱፍ ፋብሪካ ያንቀሳቅስ ነበር። መናፈሻ የሆነው በ1890ዎቹ ነው። ስሙን ያወጣለት የከተማው የመናፈሻ ኃላፊ እንደሆነ ይነገራል፤ ሠራተኞቹ ሲጯጯሁ ድምፃቸው ከኮረብታው ተመልሶ ሲያስተጋባ ሰማና "ኤኮ" አለው፣ ገደል ማሚቶ። ዛሬ ብትጮህ የሚመልስልህ የመኪና ጥሩምባ ነው። ጀልባ ቤቱ በ1932 ተሠራ፤ ውሃው ዳር የቆመችው የሴት ሐውልትም የዚያው ዘመን ሥራ ናት። በ1974 በወጣው "ቻይናታውን" ፊልም ላይ ጃክ ኒኮልሰን በጀልባ ሆኖ አንድ ሰው ተደብቆ ፎቶ የሚያነሣው እዚህ ውሃ ላይ ነው። ፊልሙ ራሱ የውሃ ሌብነት ታሪክ ነው። ይህች ከተማ በ1913 ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ከኦወንስ ሸለቆ ውሃ ስባ ካመጣች ወዲህ ስለ ውሃ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፎይሉን ፈታሁት። ዳክዬዎቹ ከእኔ ቀድመው ሸተታቸው። አምስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሁለት ዝይ መጡ። ከዳቦው ጠርዝ ቆርሼ ወረወርኩ። ሁለተኛውን ለመወርወር እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ፦

"ስማ አንተ! እሱን ወደ ፎይልህ መልሰው።"

ዞር አልኩ። የቤዝቦል ቆብ ያደረጉ፣ ሰባዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው። ቀደም ብለው ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አልፈው ነበር፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቀስ ብለው። በዚያ አካሄድ ማወቅ ነበረብኝ፤ እጁን እንዲያ አጣምሮ የሚሄድ ሌላ ሕዝብ አላውቅም።

"ይቅርታ ጋሼ..."

"ድፎ ነው?"

"አዎ።"

"ድፎ ለዳክዬ!" አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ቆርሼ ሰጠኋቸው። ጠቁሩ አዝሙዱን በምላሳቸው እየለዩ ትንሽ ዝም አሉ። "ዳቦ ለወፉም አይበጀው፣ ለውሃውም አይበጀው። የሚበላው ይበላና ያወጣዋል፣ ያልተበላው ይሰምጣል። ሁለቱም እዚያው ናቸው። አንተ አንድ ነህ፤ እሑድ እሑድ ግን እዚህ የሚመጣውን ሕዝብ ብታይ ሁሉም የዳቦ ላስቲክ ይዞ ነው።"

በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው ነው የወጡት። ከተማው መሃል የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሐኪማቸው ለስኳሩ በእግር ሂድ ስላላቸው በቀን አራት ዙር ይሄዳሉ፤ ሐይቁን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እኔ ስለ ሐይቁ ከተጻፈ ሪፖርት ቁጥር ይዤ መጣሁ፣ እሳቸው ደግሞ ያዩትን ይዘው ተገኙ። ከዚህ በታች ያለው የሁለታችን ድምር ነው።

"ሻይ ነበር" አሉ ሐይቁን በአገጫቸው እያመለከቱ። "አረንጓዴ ሻይ። በበጋ ሲብስ ደግሞ ቅባት የተደፋበት ይመስል ነበር። ጠዋት ስትመጣ ዓሣው ሆዱን ሰቅሎ ተንሳፍፎ ነው የምታገኘው።"

ለምን ጠዋት? ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ግራ ሲያጋባኝ ኖሯል፤ አባ ሳሙኤል ላይም የሞተ ዓሣ ወሬ የሚሰማው ሁሌ በማለዳ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋቅላሚ፣ በተለምዶ አልጌ የምንለው አረንጓዴ ነገር፣ የሚፈልገው ፀሐይና ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያው በዋናነት ፎስፈረስ ነው፤ ገበሬያችን ዳፕ ብሎ ማሳው ላይ የሚበትነው ማለት ነው። ሐይቅ ላይ ማንም ዳፕ አይበትንም። ግን የሣር ማሳመሪያው፣ የውሻው ዓይነ ምድር፣ የወፉ ኩስ፣ የረገፈው ቅጠል፣ የእኔ ድፎ ዳቦም ጭምር እዚያው ገብቶ ፎስፈረስ ይሆናል። አልጌው ይፈላል። ቀን ፀሐይ ሳለች ኦክስጅን ይሰጣል፤ ማታ ግን እሱም እንደማንኛችንም ይተነፍሳል። የሞተውን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችም ይተነፍሳሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሁሉም ከአንድ ማሰሮ ሲጠጡ አድረው ጎሕ ሲቀድ ማሰሮው ባዶ ይሆናል። ዓሣው የሚሞተው ያኔ ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ከሥር ያለው ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ የጠራ መስሎ ከሥር አተላ ይተኛል፣ ጋኑን ያነቃነቅህ ዕለት ሁሉም ይደፈርሳል። ሐይቅም አተላ አለው። ከመቶ ዓመት በላይ የወረደ ደለል፣ ቅጠልና ኩስ ታች ይከማቻል፤ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ሲያጣ ብረቱ የያዘውን ይለቃል። እንግዲህ ያን ጊዜ ከላይ የሚገባውን ቆሻሻ በሙሉ ብታስቆም እንኳ ሐይቁ ራሱን ከሥር ማዳበሪያ ይመግባል። ላዩን በመረብ የሚቀፍፉ፣ ቀለም የሚጨምሩ፣ መድኃኒት የሚረጩ ከተሞች በያመቱ የሚደክሙት ለዚህ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ፤ ጣና ላይ ለተንሰራፋው አረምም ይህንኑ ስም የሰጠነው በአጋጣሚ ይሁን በምሬት አላውቅም።

ሲያትል ያለ አንባቢ ግሪን ሌክ የተባለውን ሐይቅ ያውቀዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ዙሪያውን የሚሮጥ ሐበሻ አይጠፋም። እዚያ አተላውን ሳያወጡ አፉን መዝጋት መረጡ። በ1991፣ በ2004 እና በ2016 ከጀልባ ላይ አሉሙኒየም ሰልፌት ረጩበት፤ እኛም የመጠጥ ውሃ ማጣሪያዎቻችን ላይ ብናኙን ለማስቀመጥ የምንጠቀምበት ነው። ፎስፈረሱን ይዞ ወርዶ ታች እንደ ክዳን ይጋደማል። ዓመቶቹን ልብ ላለ ግን ክዳኑ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ እንደገና ይከደናል። ድንቅ ዘዴ ነው፣ ርካሽም ነው፤ መጨረሻ ግን የለውም።

ኤኮ ፓርክ ላይ ጋኑን ደፉት።

ወደዚያ የመራው ነገር ረጅም ነው፤ አሳጥረዋለሁ። ሐይቁ ንጹሕ ውሃ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት "የተበላሹ ውሃዎች" መዝገብ ላይ በ2006 ከሰፈሩት ነው፤ ክሱም ብዙ ነበር፦ አልጌ፣ አሞኒያ፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ ጠረን፣ ቆሻሻ፣ በዓሣው ሥጋ ውስጥ የሚገኝ ፒሲቢ የሚባል የኢንዱስትሪ መርዝ። ገንዘቡ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ2004 የከተማው ሕዝብ "ፕሮፖዚሽን ኦ" በተባለ ድምፅ ለውሃ ጥራት ሥራ የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ለገዛን ሰዎች ነገሩ ቅርብ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ቦንድ አዲስ ግድብ ለመሥራት ሳይሆን የቆየውን ለማጠብ መሆኑ ነው። ከዚያ ውስጥ 45 ሚሊዮን ያህሉ ለዚህ ለ5 ሄክታር ውሃ ወጣ። ለአንድ ኩሬ ብዙ ነው የሚል ካለ እኔም በመጀመሪያ ብዬ ነበር።

በ2011 ክረምታችን ላይ ዙሪያው ታጠረ፣ ውሃው ተለቀቀ።

"በየቀኑ እሄድ ነበር" አሉ ጋሼ። "በአጥሩ ቀዳዳ ሰው ሁሉ ዓይኑን አስጠግቶ ያያል። ምን ያላየነው አለ! ስኬትቦርድ፣ ወንበር፣ የቆሻሻ በርሜል፣ ያ የሚወረወር ሳሕን... የመንገድ ላይ ስልክ! ሳንቲም እየከተትክ የምትደውልበት፣ ከነሣጥኑ። ማን ነቅሎ እዚያ ወሰደው? ምን ሊያደርግለት?" ሳቁ። "ውሃው ሲሄድ የሰፈሩ ጓዳ ነው የተገለጠው።"

ደለሉ ተቆፍሮ ወጣ። ከሥሩ ውሃ እንዳያሰርግ አዲስ የሸክላ አፈር ንጣፍ ተደረገ፤ የድሮው ሐይቅ ያፈስ ስለነበር ከተማው የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ እየጨመረ ነበር ቀዳዳውን የሚመግበው። ውሃው እንዳይተኛ የሚያዞሩ ፓምፖች፣ ከታች አየር የሚነፉ ቱቦዎች ተዘረጉ። ያ ፏፏቴም ለውበት ብቻ የቆመ አይደለም፤ ውሃውን አየር ያጠጣዋል። ጠርዙ ላይ ረግረግ ተሠራ፤ ፊላና ደንገል የሚመስሉ ረጃጅም ተክሎች ሥራቸውን ዘርግተው የሚመጣውን ፎስፈረስና ናይትሮጅን ቀድመው የሚበሉበት። እኛ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ፊላ "ማፅዳት አለብን" ብለን እናጭዳለን፤ እነሱ ገዝተው ይተክላሉ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን መንገዱ ሥር የተቀበረውን ነው፤ አላየሁትም፣ አይታይምም። የጎርፉ ቱቦ ሐይቁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ክብ ክፍል ውስጥ ይገባል። ውሃው እዚያ ይሽከረከራል፤ በመሽከርከሩ ብቻ ላስቲኩ፣ ጠርሙሱና አሸዋው ተለይቶ ይቀራል። እናቶቻችን ምስር በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ጠጠሩ ብቻውን እንደሚሰበሰበው ያለ ነገር ነው። መሐንዲሱ ሰፌድ አላየም ይሆናል።

ሐይቁ ጁን 15 ቀን 2013 ተከፈተ። ሎተሱ ግን ሐይቁ ከመታጠቡ በፊት ሞቶ ነበር። በ1920ዎቹ፣ ከሐይቁ ማዶ ጉልላቱ የሚታየው አንጀለስ ቴምፕል የተባለው ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ከእስያ እንዳመጡት በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ ከ1972 ጀምሮም በስሙ የሰፈሩ ትልቅ በዓል ይከበርለታል። በ2000ዎቹ ውስጥ እየሳሳ ሄዶ በ2008 አንድ ቅጠል አልቀረም። በዓሉ ግን ያለ ሎተስ ተከበረ፤ ሙሽራዋ የቀረችበት ሠርግ። ሎተሱን የመለሰው የውሃ ተክል የሚያረባ ሰው ነው፤ ሎተሱ ከመጥፋቱ በፊት ከዚሁ ከውሃው ጠርዝ ግንድ ቆርጦ ወስዶ ሲያባዛ ቆይቶ ነበር። ከተማው የራሱን አበባ መልሶ ገዛው። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ነቀፋ አልነበረም። "አንዳንድ ጊዜ የሚሰርቅ ሰው ያስፈልጋል" አሉ።

ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ሠራተኛ ረጅም ቦት ጫማ አድርጎ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ መረብ ይዞ መጣ። ተጠጋሁት። አንድ ጊዜ ነክሮ ያወጣውን ልቁጠር፦ ሁለት የስታይሮፎም ኩባያ፣ አንድ የሚያብለጨልጭ የልደት ፊኛ "5" የሚል፣ ግማሽ የበቆሎ ቂጣ፣ የዳክዬ ላባ፣ ከሁሉም ላይ የተጠመጠመ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ። አልጌውን በጣቴ ነካሁት፤ ሙልጭልጭ ይላል፣ ሽታው ደካማ ነው፣ ግን አውቀዋለሁ። የእናቴ ነጭናጫ ጎረቤት። ታጥቦም እዚሁ አለ፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ፣ ነፋስ የሚገፋው ጥግ ላይ ተሰብስቧል።

"በየቀኑ ነው?" አልኩት በምልክትም በእንግሊዝኛም።

"ቶዶስ ሎስ ዲያስ" አለኝና ሳቀ። በየቀኑ።

ቅር አለኝ መጀመሪያ። 45 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት እንዴት አሁንም መረብ? ከዚያ የአያቴን ጎጆ አስታወስኩ። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ክዳኑ ይለወጣል፤ ሣሩ ይታጨዳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ይከደናል። ጎጆው ተበላሸ የሚል ሰው አልነበረም። ይህ ሐይቅም ተፈጥሮ ያስቀመጠችው አይደለም፤ ሰው ሸለቆ ዘግቶ ያቆመው ነው። ራሱን የሚያጥብበት ወንዝ የለውም፣ የሚገባው ጎርፍ ነው፤ በጋ ሙሉ በትነት ይጎድላል፣ ጨውና ማዳበሪያው ግን አይተንም። ያቆመው ሰው እጁን ባነሣ ቁጥር ወደ ረግረግነቱ፣ ከዚያም ወደ ሸለቆነቱ ሊመለስ ይሞክራል። አባ ሳሙኤልን ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ እጃችንን አነሣንበት፣ ደለሉ ሞላው፣ እንቦጩ ሸፈነው። ማመንጫው ከብዙ ዓመት በኋላ ታድሶ እንደገና መዞር ጀመረ፤ ውሃው ግን አልታጠበም፣ ምክንያቱም ውሃውን የሚያቆሽሸው ከላይ ነው፣ ላይ ያለችው ደግሞ አዲስ አበባ ናት።

ለጋሼ ይህን ስላቸው ዝም ብለው ሲያደምጡኝ ቆይተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮረብታው አመለከቱ።

"አንተ ውሃ ታያለህ። ሐይቁ እኮ እዚያ ነው ያለው።"

ልክ ናቸው። ወደዚህ 5 ሄክታር ውሃ የሚወርደው ከ300 ሄክታር በላይ ከሆነ ሰፈር ነው። ጣሪያው፣ አስፋልቱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ጓሮው፣ የውሻ መናፈሻው፤ ሁሉም ጫፉ እዚህ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ዝናብ እምብዛም የለም፤ ስድስት ወር ያህል የብሬክ አቧራ፣ የጎማ ብናኝና የሞተር ዘይት መንገዱ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ዝናብ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ጠርጋ ታወርደዋለች። በ2006ቱ መዝገብ ላይ የሰፈረው መዳብ አንዱ ዋና ምንጩ የመኪና ፍሬን ነው። ፍሬን የያዘ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ትንሽ መዳብ ይጥላል፤ ካሊፎርኒያ የፍሬን ሸራ ውስጥ ያለውን መዳብ በሕግ ቀንሳለች። ሐይቅ ለማዳን ፍሬን መለወጥ እንደሚያስፈልግ አቃቂ ማንም አልነገረኝም።

ጋሼ አራተኛ ዙራቸውን ሲጀምሩ እኔ ወደ ላይ ወጣሁ። በኤኮ ፓርክ አቬኑ ሽቅብ፣ የሰንሴትን ሰፊ መንገድ ተሻግሬ፣ ከዚያም ወደ ኮረብታው። የእንጨት ቤቶች፣ የተሰቀለ ልብስ፣ የሎሚ ዛፍ፣ አዳዲስ ውድ ቡና ቤቶች ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያዎች ጎን። በ2021 ከሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለው ይኖሩ የነበሩ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሲነሡና መናፈሻው ሁለተኛ ጊዜ ሲታጠር ሰልፍ የተወጣው በዚህ አካባቢ ነው። ያ አጥር እስከ 2023 ቆየ። "የመጀመሪያው አጥር ለውሃው ነበር፣ ሁለተኛው ለሰው" ብለውኛል ጋሼ፤ ከዚያ በላይ ሊነጋገሩበት አልፈለጉም፣ እኔም አልጎተጎትኩም።

የመንገዱን ጠርዝ እየተከተልኩ ነው የምወጣው። በየመንገዱ ጥግ የጎርፍ መግቢያ አፍ አለ፤ ጠርዙ ላይ "ምንም እንዳትደፉ፣ ይህ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል" የሚል ቀለም ተቀብቶበታል። ውቅያኖስ ነው የሚለው፤ መሃል መንገድ ላይ ስላለው ሐይቅ አያነሣም።

ከኮረብታው ወገብ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው መኪናውን ያጥባል። ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ ረዳት የሆነች ትንሽ ልጅ። ሰላም አልኳቸው፤ ልጅቷ በእጇ አረፋ ወረወረችብኝ። ሰውየው ባልዲውን ዘቅዝቆ ደፋው። ነጩ አረፋ ከበራፉ ተንሸራቶ ወደ መንገዱ ጠርዝ ገባና ቁልቁል ጀመረ። ቆሜ አየሁት፣ ከዚያ አብሬው ወረድኩ።

አስቂኝ ነበርኩ መሰለኝ። ትልቅ ሰው፣ ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ አንድ የሳሙና ጅረት እየተከተለ። ውሃው እንደ እኔ አይቸኩልም። የረገፈ የጃካራንዳ አበባ ያገኝና ያንሣፍፈዋል፣ የሲጋራ ቁራጭ ያገኝና ይገፋዋል፣ ስንጥቅ አስፋልት ላይ ይሳሳል። ሁለት ቤት ያህል ከወረደ በኋላ የደረቀ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ጓሮ የሚያጠጣ ቱቦ የሚያፈሰው ተቀላቀለውና ሕይወት ዘራ። እዚያ ላይ ቀለሙ ቡናማ ሆነ። ሲጋራው፣ አበባው፣ አረፋው አብረው እስከ ማዕዘኑ ወርደው ያ ጽሑፍ ያለበት አፍ ውስጥ ገቡ። አጎንብሼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጨለማው ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

ፈጠን ብዬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ተፈተዋል፣ በላያቸው ልጆች ይጮኻሉ። ጋሼ ቅድም በነበርንበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከፎይሉ የቀረችውን ድፎ ይዘው ይጠብቁኛል። የረግረጉ ተክል ጋ፣ ቱቦው ይገባል ብዬ በገመትኩት በኩል ቆሜ ውሃውን አየሁ። አረፋ የለም። አንዲት ኤሊ ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች።

"ደረሰ?" አሉኝ ጋሼ፤ ምን ስከተል እንደቆየሁ ከነገርኳቸው በኋላ።

"አላየሁትም።"

ድፎውን ለሁለት ቆረሱና ግማሹን ሰጡኝ። "ይደርሳል" አሉ።